«እላለሁ» ያሉትን «ይባላል» አልኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ልታወጣቸው ነው። እማሆይን ከመጽሐፉ ልታወጣቸው ነው!

የደወለችው ሰላማዊት ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የምታስተምረው ልጅ። ረፋዱ ላይ ሱቅ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ፣ «ቆይ ጋሼ፣ የመጽሐፍ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ጮክ ብዬ። አፌን በቆረጠው።

«እትዬ አስካለ፣ በጣም ደክመዋል፤ አመሰግናለሁ። ግን እማሆይን ማስገባት የምችል አይመስለኝም» አለችኝ።

«ለምን? ምን ጎደላቸው?»

«እሳቸው የሉበትም። ከላይ እስከ ታች ‹ይባላል› ነው። እንዲህ ይባላል፣ እንዲያ ይባላል። እኔ የምፈልገው የሚባለውን አይደለም፤ እሳቸው የሚሉትን ነው።»

ምን ልበል? «ሃሎ! ሃሎ! ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ እንደ ዛሬ ጠርቶም አያውቅ። ዋሸሁ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ይህን ደብተር አንድ ቀን ሰው ካነበበው እንዳይወናበድ ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። (ደግሞ ማን ያነበዋል? ባሌ ጌታቸው እንደሆነ መነጽሩን አግኝቶ አያውቅም።) ሰላማዊት ባለፈው ዓመት እዚህ መንዝ፣ ሞላሌ መጥታ ከሱቄ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚል ታፔላ አይታ ነው። እኔ ደግሞ እንግዳ ሳገኝ ታውቁኛላችሁ፤ ጠይቄ ጠይቄ አስጨረስኳት። ነጮቹ አፍሪካን ገዝተው ሲወጡ አንድ ወሬ ትተው ሄዱ አለችኝ፤ አፍሪካዊ ተረትና ምሳሌ አለው እንጂ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው የለውም የሚል። ከዚያ የአፍሪካ ምሁራን ተነሡ። ግማሾቹ «ተረቱ ራሱ ፍልስፍና ነው፣ ሕዝቡ በሙሉ ፈላስፋ ነው» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሕዝብ በሙሉ አንድ ላይ አያስብም። የሚያስበው አንድ ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ከጎረቤቱ ጋር የማይስማማ» አሉ። እነዚህኞቹ በየገጠሩ እየዞሩ እንዲህ ያለውን ሰው መፈለግ ያዙ። ሰላማዊትም ከነዚህ ወገን ናት።

ጌታቸው ሰምቶ፣ «እኛ መች ተገዛን? ምን አገባን?» አላት። ባሌ ነገር ማቋረጥ ይወዳል።

«መሬቱ አልተገዛም ጋሽ ጌታቸው። እኔ የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድም የመንዝ ሰው የለም» አለችው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ልፈነዳ! ከጎረቤቱ ጋር የማይስማማ ሰው ከፈለግሽማ አንድ አውቅልሻለሁ አልኳት፦ እማሆይ ወለተ ኪዳን።

እማሆይ ከሚካኤል በላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። የበግ ጠጉር ለባና ብርድ ልብስ ይፈትላሉ፤ ሰው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸውን ፈርቶ በሌላ መንገድ የሚዞር ዲያቆን አውቃለሁ። ሰላማዊት አንድ ቀን አገኘቻቸው፤ ለእንግዳ አላወራም አሉ። እሷም መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖባት ተመልሳ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ እኔ ሦስት ቀን እየሄድኩ በስልኬ ድምፃቸውን ቀዳሁ፤ ጻፍኩ፤ ላክሁ። ለግማሽ ሞላሌም ነገርኩ። «የኛ እማሆይ ፈላስፋ ሆነው በመጽሐፍ ሊወጡ ነው» እያልኩ።

አሁን ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ልበለው?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ውርጭ። የሱቁ ቁልፍ ጣቴ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ጽሑፉን አየሁት። ልጅቱ እውነቷን ነው። ግን ያልነገርኳት አለ። እማሆይ «ይባላል» አላሉም። ያልኩት እኔ ነኝ።

እሳቸው «እላለሁ» ነበር የሚሉት። «እኔ እንዲህ እላለሁ።» «እኔ ግን እንዲያ አልልም።» ስጽፈው ከበደኝ። ቆብ የደፉ፣ ዓለም በቃኝ ያሉ ሴት «እኔ፣ እኔ» ሲሉ ወረቀት ላይ ትዕቢት መሰለብኝ። በአፍ ሲሆን አይታወቅም፤ ሲጻፍ ዐይን ይወጋል። እናም አንዱን አረምኩት። ሁለተኛውን አረምኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ባንዴ የሚቀይርበት ቁልፍ አለው። ነካሁት። ያን ሁሉ «እላለሁ» አንድ ጉንጭ ሻይ እስክውጥ ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ ዐረፍተ ነገሩን ለማስተካከል ስል ደግሞ ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ አለሰለስኩ።

የሥራዬም ጠባይ ነው። ሰው መጥቶ «ያ ውሻ በጌን በላብኝ፣ ጌታው ደግሞ ሰደበኝ» ይለኛል። እኔ «በንብረቴ ላይ ጉዳት የደረሰ በመሆኑ» ብዬ እጽፋለሁ። ሳነብለት «እንዴት አድርገሽ አሳመርሽው እባክሽ!» ብሎ ይመርቀኛል። ሰው ያለውን ትቼ መባል ያለበትን መጻፍ፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት ይሄ ነው።

አንዱን ቦታ ልጻፈው። ስለ እርቅ ጠይቄያቸው ነበር። እንዲህ አሉ፦

«እርቅ ደም ያደርቃል ይባላል። እሺ፣ ያደርቃል። ያጠፋል ግን አልተባለም። ልብስ አጥበሽ አታውቂም? የደረቀ ደም ውኃ ሲነካው ይቀላል። እኔ እላለሁ፣ እርቅና ይቅርታ አንድ አይደሉም። እርቅ የአገር ነው፤ ሽማግሌ ይሠራዋል። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፤ እንደ ጎተራው። ሽማግሌ ከሰው ጎተራ ዘግኖ ለሌላ አይሰጥም።»

እኔ የጻፍኩት፦ «እርቅ ደም ያደርቃል ይባላል። ይቅርታም መልካም ነው ይባላል።»

አለቀ። ይኸው ነው።

ድምፁን የፈለግሁበት፦

ስልኬ። የለም። የእህቴ ልጅ ሠርግ ዕለት «ሜሞሪ ሞልቷል» ሲለኝ አጠፋሁት። በሱ ፈንታ የሙሽራው አጎት ቀበቶው ተፈትቶ ሲጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ አለኝ።

ፍላሹ። የሰው ማመልከቻ ብቻ።

ኮምፒውተሩ። ገልብጬው አላውቅም።

ቴሌግራም። ለሰላማዊት ልልክላት ሞክሬ አልሄድ ብሎኝ ትቼዋለሁ። «ጽሑፉ ይበቃል፣ ቃል በቃል ነው» አልኳት። ቃል በቃል!

የእርቁን ነገር ያስታወስኩት ስለደነገጥኩበት ነው። ሌላው ግን ሄዷል። በግ መሪዋን ተከትላ ገደል ብትገባ ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ «የመሪዋ» አልኩ፤ እሳቸው «አይደለም» አሉና ብዙ አወሩ። ጥያቄው ትዝ ይለኛል። መልሳቸው ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ፤ ጠፋኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ምሳ ላይ ጌታቸው፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሽ እኮ። ጎረቤት ታመመች ብሎ ሊጠይቅሽ ይመጣል» አለኝ።

ነገርኩት። ሳቀ። «ታዲያ ምን አጠፋሽ አስኩ? አሳመርሽላቸው እንጂ! እኔ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። የአባቶች ቃል ነው የሚመስለው።»

ደስ ብሎኝ ነበር። የሱ ቃል ናት ይቺ። ለምን ደስ እንዳለው አውቃለሁ። የጎደለውን ስለማያውቅ ነው። ጌታቸው ዛሬ ሽማግሌ ተብሎ ለእርቅ የሚጠራ ሰው ነው፤ አባቱም ነበሩ። የአባቱ ስም በአካባቢው የተከበረ ነው፤ የተጣላ የማያድርባቸው ሰው ነበሩ።

እማሆይ በሁለተኛው ቀን የነገሩኝ ይህን ነው። ገና ሳይመነኩሱ፣ ወንድማቸው አየለ በወሰን ጠብ ተገደለ። ወላጅ አልነበራቸውም፤ ለደሙ የቀረችው እህት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎች ገዳዩን ድንጋይ አሸክመው አመጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የጌታቸው አባት ነበሩ።

«ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ተሸክሟል። ድንጋዩን እንጂ ፊቱን አላየሁትም። ‹ይቅር ብያለሁ በይ› አሉኝ። ፀሐይ ሳይጠልቅ ለመጨረስ ቸኩለዋል። ‹ይቅር ብያለሁ› አልኩ። አፌ አለ፤ እኔ አላልኩም። እስከ ዛሬ ድረስ ማን እንዳለው አስባለሁ።»

ይህን «ይባላል» እንኳ አላልኩትም። ጨርሶ ዘለልኩት።

እንግዲህ ትሕትና ብቻ አልነበረም። ለራሴ ትሕትና ነው አልኩ እንጂ ባሌን ፈርቼ ነው። አማቴ በመጽሐፍ እንዳይነሡ ብዬ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ ይሻላል፤ ሌላ ቦታ በቂ ዋሽቻለሁ።

«አባትህ አንዲትን ሴት በግድ ይቅር አስብለው ቢሆን ምን ትላለህ?» አልኩት።

«አባቴ ሰው ሲያስታርቅ ኖሮ ነው የሞተው!» ብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከደጅ ተመለሰ። «ዱላዬን ረስቼ ነው፤ ታርቄ አይደለም» አለኝ።

ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ብልጥ ልሁን አልኩ። ሳልናዘዝ እንደገና አናግሬ ድምፁን ልቅዳ፤ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ይስተካከላል። ዳገቱን ወጣሁ። ገብሱ ታጭዷል፤ ማሳው ባዶ ነው፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል።

እማሆይ ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ።

«መጣሽ፣ ወሬኛዋ?»

«መጣሁ እማሆይ። ናፍቀውኝ።»

«ከናፈቅሁሽ ስልክሽ ቀሚስሽ ውስጥ ምን ያበራዋል?»

ጉድ! ዐይናቸው ደክሟል ያለው ማነው? አውጥቼ አጠፋሁት። ቁጭ ብዬ የበግ ጠጉር ማፍታታት ያዝኩ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ፊቴ ይረጋል። ቀስ ብዬ፣ «ስለ እርቅ አንድ ነገር ብለውኝ ነበር…» አልኩ።

«ነግሬሻለሁ። አልጻፍሽውም?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ ወረቀቱን ጠይቂዋ! እኔን ምን ታደርቂኛለሽ?»

ስለ በጓም ሞከርኩ። «እሱንም ነግሬሻለሁ» አሉ። ከዚያ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው፣ «መጽሐፉ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«እየተሠራ ነው።»

«ዐይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ቢመጣ ጥሩ ነበር። ካልሆነም አንቺ ታነቢልኛለሽ። የአየለን ስም በጣቴ አሳዪኝ። ልጅ አልወለደ፣ ቤት አልሠራ፤ ስሙን የሚጠራ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ስሄድ ወረቀቱ ይጠራዋል።»

«ይጠራዋል እማሆይ» አልኩ።

ይህ ሁለተኛው ነው። ውሸት በሳምንት ሁለት። ዳገቱን ስወርድ ነው የገባኝ። የሳቸው መጽሐፍ ውስጥ መግባት ለኔ ኩራት ነበር፣ ለሞላሌ ወሬ ነበር፤ ለሳቸው የወንድም መቃብር ኖሯል። እኔ ደግሞ መቃብሩን ዘልዬው ሄድኩ፣ ለባሌ ሰላም ስል።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ንግሥ። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ከበሮው፣ እልልታው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔን ማን ይችለኛል! ዛሬ ጥግ ይዤ ቆምኩ። አንዷ ጎረቤቴ መጥታ፣ «የፈላስፋዋ ጸሐፊ! መጽሐፉ ደረሰ?» አለችኝ። ጥርሴን አሳየኋት፤ ሳቅ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ለሰላማዊት ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ «እላለሁን»፣ ቁልፉን፣ ሠርጉን፣ አየለን፣ አማቴን። ስጨርስ ድምፅ የለም።

«ሃሎ?» አልኩ፤ አሁን ደግሞ እውነት የተቆረጠ መስሎኝ።

«አለሁ» አለች። «እትዬ አስካለ፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ነጮቹ መጥተው አንድን ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ያናግሩና ‹የዚህ ሕዝብ እምነት ይህ ነው› ብለው ይጽፋሉ። የሽማግሌው ስም የለም። ሽማግሌው ያን ቀን ከሕዝቡ ጋር እየተሟገተ እንደነበረ ማን ያውቃል? ከነጻነት በኋላ ደግሞ የተማርነው ራሳችን እንደዚያው መጻፍ ቀጠልን። የራሳችን ስለሆነ ኩራት መሰለን።»

«እኔም እንደነሱ ነኝ ማለት ነው?»

«እነሱ መቶ ዓመት የፈጀባቸውን እርስዎ በአንድ ቁልፍ ጨረሱት» አለችና ሳቀች። መረረኝ። ግን የሚገባኝ ነው። ትንሽ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከነዚያ ሁሉ ምሁራን ጋር አብሬ መቆጠሬ ደስ አለኝ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ሳቋን አቆመች። የመጽሐፉን ጽሑፍ ሰኞ ታስረክባለች። እስከዚያ ድምፃቸው ከደረሳት እማሆይ ይገባሉ፤ ካልደረሳት ይቀራሉ። ግን መጀመሪያ ያደረግሁትን ልነግራቸው ነው። «ሳያውቁ እንደገና ማስወራት ሁለተኛ ስርቆት ነው» አለችኝ። ትናንት ቀሚሴ ውስጥ ስልክ ደብቄ መሄዴን አልነገርኳትም። እሱ ብቻ ቀረኝ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገበያ ነው፤ ሱቁን ዘጋሁት። ሰው ማመልከቻ ይዞ በሩን ሲደበድብ እኔ ዳገት ላይ ነበርኩ።

የጻፍኩትን አትሜ ወስጃለሁ። «ይኸው ያሉት» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ገጽ ሳልወጣ እጃቸውን አነሡ።

«ይሄን ማነው የተናገረው?»

«እርስዎ።»

«አይደለሁም። ይሄ አገር ነው። አገርን ለማናገር ዳገት ምን አስወጣሽ? እዚያው ገበያሽ ላይ ነበረልሽ።»

ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር። የወንድማቸውን ስም ስጠራ እንዝርቱ ቆመ።

«አየለስ?»

«የለም እማሆይ።»

ነፋሱ የተፍታታውን ጠጉር አንድ ቋጠሮ ይዞ ሄደ። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።

«ያን ጊዜ» አሉ፣ «ሽማግሌዎቹ አፌ ውስጥ ቃል ከተቱ። አንቺ ደግሞ ከአፌ አወጣሽ። አፍ ነው ወይስ ከረጢት?»

ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮሁብኝ በወደድኩ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«ተነሽ። ጎንበስ ስትዪ ፊትሽ አይታየኝም።»

ተነሣሁ። ፊቴም ምን ፊት አለው፤ እንባና ንፍጥ ነው። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አሁን ‹ይቅር ብያለሁ› ብልሽ፣ ያለው ማን ይመስልሻል?»

አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ላስብበት» አሉ። «ሂጂ፣ ገበያሽን ድረሺበት።»

ስለ ድምፁ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ መጽሐፉ መጠየቅ አፈርኩ። ወረቀቱን እዚያው ተውኩት። ቤት ስደርስ ጌታቸው ዐይኔን አይቶ ቀልድ ጀምሮ ተወው። የአባቱንም ነገር ነገርኩት። እንደ ረቡዕ ዕለት አልተቆጣም።

«ራስሽ ሄደሽ ነገርሻቸው?»

«ራሴ።»

«አባቴ…» አለና ቆመ። ዱላውን በእጁ አዞረው። «አባቴ ሲያስታርቅ አንድም ቀን ሴቶቹን ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅ» አለኝ።


እሁድ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሴ መልስ ቅበላ ነውና የመጨረሻውን ሥጋ እየከተፍኩ ነበር፤ ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። በሩ ተንኳኳ። እማሆይ! ያን ዳገት ለኔ ብለው ወርደው አያውቁም። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው እኔ የተውኩት ወረቀት።

ጌታቸው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ቁጭ አሉና፣ «ስልክሽን አምጪው። በግልጥ። ከቀሚስሽ ውስጥ አይደለም» አሉ። ጌታቸው ዞሮ አየኝ። አንድ ያልተናዘዝኩት ይኸው ወጣ።

ተናገሩ። ስለ አየለ ጀመሩ፤ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ማን እንደ ፈነከተው። (እሳቸው ናቸው፤ በልጅነታቸው፤ በድንጋይ።) ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጌታቸውን አዩት። «አለቃቸው የዚህ ሰውዬ አባት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቸኩለው ነበር።»

ጌታቸው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና አለ። «ይጥሩት እማሆይ። ማን እንደሆነ ይታወቅ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «‹ክፉ አልነበሩም› ያሉትም አይቅርብኝ» አለ።

ጠሩት።

የእርቁ ነገር ላይ ሲደርሱ ያን የማውቀውን ይደግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። አልደገሙትም።

«ለዚች ሴት ይቅርታ የተበዳዩ ጎተራ ነው ብያት ነበር። አሁንም እላለሁ። ማንም ከዚያ ዘግኖ አይሰጥም። ግን ያን ጊዜ ያላየሁት አለ። ትናንት ከሄደች በኋላ ነው ያየሁት። የተዘጋ ጎተራ አይጥ ይገባዋል። አይጡ ደግሞ የበዳዩን እህል አይበላም፤ የባለቤቱን ነው። የኔን ስንት ዓመት በላው! እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው? ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳያቻኩለው? አይጡን ለማባረር ብሎ የከፈተው ይቅርታ ነው ወይስ የቤት ጥበቃ? እሱን አላውቅም።»

የበጓን ነገርም ጠየቅኳቸው። ረስተውታል። «እኔ ምን ብዬ ነበር?» አሉኝ መልሰው። ከሁለታችንም ጠፋ። ያቺ አትመለስም፤ ጥፋቷም የኔ ነው።

ጻፍኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው። ሳነብላቸው መጨረሻው ላይ አስቆሙኝ።

«‹እሱን ወደፊት አስብበታለሁ› የሚል ከየት መጣ? ‹አላውቅም› ነው ያልኩት።»

እውነት ነው። እጄ ራሱ ነው የጻፈው፤ «አላውቅም» ብሎ መጨረስ ለመጽሐፍ የማያምር መስሎት። አጠፋሁት። «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ አራት ነጥብ።

«አንድ ነገር ጨምሪ» አሉ። «ፊት ሌላ ቃል ተናግሬ እንደነበር። የጠፋው ምን እንደሆነ። ያጠፋው ማን እንደሆነ።»

«ስሜን?»

«ስም የለሽም እንዴ?»

ጻፍኩት። አስካለ ብዬ ከነአባቴ ስም። መጽሐፍ ውስጥ ስሜ ይግባ ብዬ ስመኝ እንዲህ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ! ጌታቸው ከኋላዬ አንብቦ፣ «አባቴ ‹ቸኮሉ› ተባለ፣ አንቺ ‹አጠፋች›። ከቤታችን የተረፍኩት እኔ ነኝ» አለ። እማሆይ ሳቁ። በሰማንያ ዓመታቸው ጥርስ የሌለው ሳቅ፣ እንዴት ያምራል።

የአየለን ስም በጣታቸው አስነካኋቸው፣ ስክሪኑ ላይ። ብርሃኑ ስለበረታባቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የነኩት።

እስከ ዳገቱ ሥር ሸኘኋቸው። አፌ አላስችል አለኝ። «እማሆይ፣ ስለ እኔስ አሰቡበት?»

«እያሰብኩበት ነው። አንቺ ሽማግሌ ልከሽብኛል?»

«ኧረ አልላክሁም!»

«እንግዲያስ አትቸኩዪ።» ጥቂት እንደሄዱ ሳይዞሩ፣ «ያ ጠጉር ገና ነው፤ የሚያፍታታው ሰው የለም» አሉ።

ጌታቸው ስነግረው «ታረቁሽ ማለት ነው! እኔ ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ» አለ። እኔ ግን አላወቅሁም። ሊሆን ይችላል። ጠጉሩም እውነት ገና ነው፤ ሐሙስ አይቼዋለሁ።

ድምፁን ለሰላማዊት እየላክሁ ነው። ግማሹ ሄዷል፤ ቆሟል፤ ደግሞ ቀጠለ። ዛሬ ኔትወርኩ በእውነት ደካማ ነው፤ ደውዬ ብነግራት ግን ታምነኛለች? እስኪያልቅ ከስልኩ አጠገብ አልነሣም። ኮምፒውተሩ ላይም ገለበጥኩት፣ ፍላሹም ላይ። የሙሽራውን አጎት አጠፋሁት።

ነገ ማልጄ ዳገቱን እወጣለሁ። ምንም አልጠይቃቸውም። ቁጭ ብዬ ጠጉሩን አፍታታለሁ።